ጥልቅ ኪል ወይስ አጭር? ለሐይቅ የምትሠራ ትንሽ የሸራ ጀልባ የሥራ ማስታወሻ

ሚያዝያ፣ አካሏ ካለቀ በኋላ

የጀልባዋ አካል አለቀ። ርዝመቷ 4.20 ሜትር፣ ወርዷ 1.60 ሜትር ነው። ከኮምፔንሳቶ የተሠራች ናት። ቁራጮቹ በሽቦ ተሰፍተው መጋጠሚያቸው ኢፖክሲ በሚባል ማጣበቂያና በፋይበር ግላስ ተያይዟል። አሁን ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ተገልብጣ ተቀምጣለች። የምትንሳፈፈው ከደሴ ወዲያ ባለው፣ ስሙም ሐይቅ በሆነው ሐይቅ ላይ ነው።

ሸራዋ 8 ካሬ ሜትር ይሆናል። መጀመሪያ የታሰበው 7 ነበር። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል። በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገፋው ወደ 20 ከመቶ ያነሰ ነው የሚገፋው። ውኃው ግን ያው ውኃ ነው፤ ክብደቱ አይቀንስም። ስለዚህ ሸራው ጨመረ፣ ከታች ያለው ስሌት እንዳለ ቀረ።

የቀረው ኪሉ፣ ከሆዷ ሥር ወደ ውኃ የሚወርደው ክንፍ መሰል አካል ነው። ኪል ሁለት ሥራ አለው። ነፋሱ ከጎን ሲገፋ ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ይይዛታል። ክብደት ካለው ደግሞ ስትጋደል መልሶ ያቀናታል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለየብቻ ካላዩ ክርክሩ አያልቅም።

እንጨቱን የሚሠሩልኝ ደሴ ያሉት ጋሼ ናቸው። አናጢነቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ይዘውታል። ነገሩን ሳስረዳቸው መልሳቸው አጭር ነበር። "ሐይቁ ጥልቅ አይደል እንዴ? ታዲያ ምን አስጨነቀህ፣ ረዥም አድርገህ አውርደው።" እውነት አላቸው። የሐይቁ መሀል ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በዚያ ውኃ ላይ የ1 ሜትር ኪል ምንም አይደለም።

ሚያዝያ፣ ሐይቁ ዳር

ወረቀት ላይ ከመከራከር ቦታውን ማየት ይሻላል ብዬ ወጣሁ። በየ10 ሳንቲሜትሩ ቀለም የተቀባ የባሕር ዛፍ አጣና ይዣለሁ። ጀልባዋን ልናስገባ ያሰብንበት ቦታ ላይ ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። ቄጤማው ካለቀ በኋላም ውኃው ከጉልበት ብዙም አያልፍም። 40 ሳንቲሜትር፣ 50፣ 60። ታቹ ጭቃ ነው፤ አጣናው ይሰምጣል። ከዚያ ወዲያ ነው በድንገት የሚጠልቀው።

መረብ የሚያጥቡ አንድ አባባ ከዳር ሆነው ያዩኝ ነበር። ምን እንደምለካ ነገርኳቸው። ሳቅ ብለው፦ "ልጄ፣ መሀሉ ጥልቅ ነው። አንተ የምትገባው ግን በዳሩ ነው" አሉኝ።

"ዳሩ ሁሌም እንዲህ ነው አባባ?" አልኳቸው።

"ይወጣል፣ ይገባል። አምና ጀልባ የታሰረበት ዘንድሮ ከብት ይግጥበታል።"

ይህን የምናውቅበት ሌላም ምልክት አለ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ ድሮ ደሴት ላይ ነበር። ዛሬ በእግር ይገባበታል። ውኃው ሸሽቶ ደሴቱን ከየብስ ጋር አገናኝቶታል። ሐይቁ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም። ከፍታው የሚወሰነው በሚዘንበውና በሚተነው ነው። ዳሩ የዘንድሮውን ጥልቀት ለከርሞ ይጠብቅልኛል ብዬ ጀልባ መሥራት አልችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መስፈሪያ ተገኘ። ኪሉ ከፍ ሲል ጀልባዋ 25 ሳንቲሜትር ውኃ ላይ መንሳፈፍ አለባት።

ግንቦት፣ ስሌት

ጥልቁ ኪል የሚመረጥበትን ምክንያት በደንብ ማስፈር እፈልጋለሁ። በቀላሉ የሚጣል ሐሳብ አይደለም።

ኪል ውኃ ውስጥ ያለ ክንፍ ነው። ጀልባዋ ትንሽ ወደ ጎን እየሸሸች ስትሄድ ውኃው ኪሉን በሰያፍ ይመታዋል። በአንዱ ጎን ግፊቱ ይጨምራል፣ በሌላው ይቀንሳል። ጀልባዋን የሚይዛት ይህ ልዩነት ነው። ግን ውኃው በታችኛው ጫፍ ዞሮ ግፊቱ ወደ ቀነሰበት ጎን ይሾልካል። እዚያ አዙሪት ይፈጠራል፤ አዙሪቱም ፍጥነት ይበላል። ረዥምና ጠባብ ኪል ላይ ጫፉ ትንሽ ስለሆነ የሚሾልከው ትንሽ ነው። አጭርና ሰፊ ሲሆን ብዙ ያመልጣል። ፍጥነቱና የጎን ጉልበቱ አንድ ሆኖ ጥልቀቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ከአዙሪቱ የሚመጣው መጎተት አራት እጥፍ ይሆናል። ስፋትን መጨመር ይህን አያካክስም። የሚቆጠረው ወደ ታች የወረደው ርዝመት ነው።

የአጭር ኪልን ድክመት በሌላ መንገድ ለመሙላት የተሞከሩ ነገሮች አሉ። አንዱ ከኪሉ ግርጌ በግራና በቀኝ ትናንሽ ክንፎች ማውጣት ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ 2 የተባለችው ጀልባ የአሜሪካ ዋንጫ የሚባለውን የሸራ ጀልባ ውድድር ሽልማት የወሰደችው ቤን ሌክሰን በነደፉት እንዲህ ባለ ክንፋማ ኪል ነው። ዋንጫው እስከዚያ ድረስ 132 ዓመት ከአሜሪካኖች እጅ አልወጣም ነበር። ለእኛ ግን አይሆንም። ክንፎቹ ጭቃ ውስጥ ከገቡ እንደ መልሕቅ ይይዛሉ፤ ቄጤማም ይሰበስባሉ።

ሌላው መንታ ኪል ነው። ሁለት አጫጭር ኪሎች ከሆዷ ግራና ቀኝ ይወጣሉ። የባሕር ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ በሚጎድልበት አገር በጣም ይመቻል። ውኃው ሲሄድ ጀልባዋ በሁለት እግሯ ቆማ ትጠብቃለች። ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ መሙላትና መጉደል የለም። ለማንፈልገው ጥቅም ሁለት ኪል መጎተት ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ክብደቱ። ጥልቅ ኪል ጫፉ ላይ እርሳስ ሲኖረው ጀልባዋን ያቀናል። 60 ኪሎ እርሳስ ከ5 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ቦታ ነው የሚይዘው። ከጀልባዋ መሀል 1 ሜትር ዝቅ ብሎ ቢንጠለጠልና ጀልባዋ 20 ዲግሪ ብትጋደል፣ የሚመልሳት ጉልበት 20 ኪሎ በ1 ሜትር ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ ጠርዙ 70 ሳንቲሜትር ሸሸት ብሎ ቢቀመጥስ? 46 ኪሎ በ1 ሜትር ክንድ። ከእጥፍ በላይ ነው።

ይህ ቁጥር ለእኔ ትልቁን ጥያቄ ዘጋው። በትልቅ ጀልባ ላይ የሰው ክብደት ከጀልባዋ አንጻር ኢምንት ስለሆነ እርሳሱ ግዴታ ነው። 4 ሜትር በሆነች ጀልባ ላይ ግን ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው ሚዛኑ። 60 ኪሎ ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም።

እርሳሱን ከአሮጌ ባትሪ አቅልጠን እናውጣ ያለኝ ሰው ነበር። አላደርገውም። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ከሰል ላይ ይሆናል። ግን ጭሱና አቧራው መርዝ ነው፤ ከሁሉ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። ግቢው ውስጥ ልጆች ይጫወታሉ። ለጀልባ ብሎ ይህን ቤት ውስጥ ማስገባት አይገባም።

መንገዱም ድምፅ አለው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ ሐይቅ ደግሞ 30 ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ 2,500። ያ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው በሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። ጀልባዋ የምትሄደው ባዶውን በሚመለስ አይሱዙ ላይ ነው። 90 ሳንቲሜትር ቋሚ ኪል ቢኖራት ከ1 ሜትር ከፍ ያለ የብረት ማቆሚያ ላይ ትቀመጣለች። የአይሱዙው ጭነት ቦታ ራሱ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ነው። ሆዷ 2 ሜትር ላይ ሆኖ ሐረጎን መውጣት ማለት ነው። ሾፌሩ እሺ ቢል እንኳ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ግንቦት፣ የሰሌዳ ሙከራ

ሆዷን ከመቅደዳችን በፊት ልዩነቱን በውኃ ላይ ማየት ፈለግሁ። መንገዱ ቀላል ነው። ሆላንዶች ጠፍጣፋ ሆድ ባላቸው ጀልባዎቻቸው ላይ ለዘመናት እንደሚያደርጉት በኪል ፋንታ ሰሌዳ ከጎኗ ማንጠልጠል ነው። ቀዳዳ አያስፈልግም። አንድ ወፍራም ብሎን፣ ትልቅ ሮንዴላና ገመድ ይበቃል።

ጋሼ ሁለት ሰሌዳ ቆረጡ። አንዱ 90 በ36 ሳንቲሜትር፣ ሌላው 45 በ72። ስፋታቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም 0.324 ካሬ ሜትር፣ ከሸራው 4 ከመቶ ገደማ። የሚለያዩት በጥልቀት ብቻ ነው። ፍትሐዊ ውድድር እንዲሆን ጠርዛቸው በአንድ መላጊያ እኩል ተሞረደ።

ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል። ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ጓደኛዬ ሸራውን ያዘ፣ እኔ መሪውን። የስልኬ ጂፒኤስ የሄድንበትን መስመር ይመዘግባል። በሸራ በቀጥታ ነፋሱ ላይ መሄድ ስለማይቻል ወደ ነፋሱ ዚግዛግ እየሠራን ወጣን። ሰሌዳ ቀየርን። ደግመን ወጣን።

በረዥሙ ሰሌዳ ከአንዱ አቅጣጫ ወደ ሌላው ስንዞር በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ማዕዘን 98 ዲግሪ አካባቢ ነበር። በአጭሩ ሰሌዳ 118 ገደማ። ቁጥሩ ብቻ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ወደ መንገድ ሲቀየር ግን እንዲህ ነው፤ በቀጥታ 1 ኪሎ ሜትር ወደ ነፋሱ ለመጠጋት በረዥሙ 1.5 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን፣ በአጭሩ 1.9። ሐይቁ ከዳር እዳር 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ፊት ለፊት ሆኖ ለማቋረጥ 9 ኪሎ ሜትርና ከ11 በላይ ማለት ነው። በዚያ ላይ አጭሩ ሰሌዳ ፍጥነቱም ዝግ ያለ ነበር፤ በተለይ ከዞርን በኋላ እስኪነሳ ድረስ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ጀልባዋ ፍጥነት ከሌላት ክንፉም አይሠራም።

አጭሩ የበለጠበት ቦታም ነበር። ነፋስን ከኋላ ይዘን ወደ ዳር ስንመለስ ምንም ሳንነካ ቄጤማው አፍ ድረስ ገባን። ረዥሙን ይዘን ስንመለስ ገና ከሩቅ ጭቃው ያዘን፤ ሰሌዳው ብሎኑ ላይ ተሽከርክሮ ወደ ኋላ ተነሳ፣ ጀልባዋም ቀጠለች። ጓደኛዬ ዞር ብሎ አየኝ። ሁለታችንም አንድ ነገር ነው ያሰብነው።

ሰኔ፣ ውሳኔ

የሚሽከረከር ሰሌዳ ይሆናል። መሀል ላይ ውኃ የማያስገባ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ በአንድ ፔርኖ ላይ የሚዞር ሰሌዳ። ሴንተርቦርድ የሚሉት ነው። ሲወርድ 90 ሳንቲሜትር፣ ሲነሳ ዜሮ።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ካታሊና 22 የተባለችውን የታወቀች ትንሽ ጀልባ ብናይ በተለያየ ኪል ተሸጣለች። ቋሚው 1.07 ሜትር ይጠልቃል፣ ክንፋማው 0.76። የሚሽከረከረው ተነስቶ 0.61፣ ወርዶ 1.52 ነው። ጥልቁም አጭሩም እሱ ነው። ዋጋውን የሚያስከፍለው በሌላ ቦታ ነው፤ የሚንቀሳቀስ አካል አለው፣ ሳጥኑ ቦታ ይወስዳል፣ ሊያፈስም ይችላል።

ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚመዘዝ ሰሌዳም አስበናል። ሳጥኑ ትንሽ ነው፣ ሥራውም ቀላል። ግን ታች ሲነካ ወደ ኋላ አይሸሽም። ጭቃ ከሆነ ይቆማል፤ ድንጋይ ከሆነ ወይ ሰሌዳው ወይ ሳጥኑ ይሰነጠቃል። ዳሩ የማይታመን ሐይቅ ላይ የሚሽከረከረውን እመርጣለሁ።

መሪውም እንደዚያው መሆን አለበት። ሰሌዳው ተነስቶ መሪው 60 ሳንቲሜትር ታች ከቀረ ምን ተረፈን? የመሪው ምላስ በማጠፊያ ወደ ኋላ እንዲነሳ ተደረገ።

ሐምሌ፣ ብረቱ

መጀመሪያ የሞከርነው 8 ሚሊ ላሜራ ነው። በእኛ ስፋት 20 ኪሎ ይመዝናል። በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ሌላ ነገር አይፈልግም። ብረትም፣ ብየዳም እዚሁ ኮምቦልቻ በእጃችን ነው።

ላሜራው በግራይንደር ተቆረጠ። አናቱ ላይ፣ ፔርኖው በሚገባበት፣ ማጠናከሪያ ብረት ተበየደ። ሙቀቱ ሲወጣ ላሜራው ተጣመመ። መሀሉ ላይ 15 ሚሊ ያህል ጎበጠ። ሞርሳ ላይ ተይዞ፣ በክሪክ ተገፍቶ ትንሽ ተመለሰ፤ ግን ቀጥ አላለም። ጠባብ ሳጥን ውስጥ የሚገባ ነገር ቀጥ ካላለ ይነክሳል። በየቦታው በትንሽ በትንሹ እየዘለሉ ቢበየድ ይቀንሳል። ወይም ከነጭራሹ ባይበየድና በብሎን ቢያዝ።

ከመጣመሙ ይልቅ ሐሳቤን ያስቀየረኝ ግን ክብደቱ ነው። 20 ኪሎ በገመድ ለማንሳት ካሩኮላ ያስፈልጋል። ከ1 ሜትር ከፍታ በላይ ያለ ማዕበል ሳይሆን ቄጤማ ነው የሚገጥመን፤ ሰሌዳውን ደጋግመን እናነሳለን፣ እናወርዳለን። ጠፍጣፋ ብረትም ጥሩ ክንፍ አይደለም። ፊቱ ስል ስለሆነ ውኃው ትንሽ ሰያፍ ሲመጣ ይላቀቅበታል። ላሜራው ለጀልባዋ ማቆሚያ ሆነ፤ አልባከነም።

ነሐሴ፣ እንጨቱ

ሁለት 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ተጣብቆ 36 ሚሊ ሆነ። የሰሌዳው ወርድ 36 ሳንቲሜትር ነው፤ ውፍረቱ ልክ 10 ከመቶ መጣ። ናካ 0010 ለሚባለው የክንፍ ቅርጽ የሚፈለገው ይኸው ነው። ፊቱ ክብ ይላል፣ ከፍተኛው ውፍረት ከፊት 30 ከመቶ ላይ፣ በእኛ 10.8 ሳንቲሜትር ላይ ይሆናል። ከዚያ ወደ ኋላ እየሳሳ ይሄዳል።

ለጀልባ ተብሎ የሚሠራ ኮምፔንሳቶ አላገኘንም። ያገኘነውን ለመፈተን ቁራጩን ድስት ውስጥ ቀቀልነው። ለረዥም ሰዓት ፈልቶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ፈልቶ ንብርብሩ ካልተላቀቀ ኮላው ውኃ ይችላል ማለት ነው። አንዱ ሱቅ የሰጠን ናሙና በመጀመሪያው ፍልታ ተከፈተ። የሁለተኛው ቻለ። ከመግዛት በፊት ናሙና መቀቀል ከሳንቲም የማይቆጠር ፈተና ነው፤ ማንም ጀልባ የሚሠራ ቢያደርገው ደስ ይለኛል።

ቅርጹን ጋሼ አወጡት። ከካርቶን የተቆረጠ ልኬት እያስደገፉ፣ መላጊያ፣ ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት። ኮምፔንሳቶ እዚህ ላይ ጥሩ ጠባይ አለው። ሲላጭ የንብርብሮቹ መስመር እንደ ካርታ ኮረብታ ይታያል። መስመሮቹ ግራና ቀኝ እኩል ከሆኑ ቅርጹም እኩል ነው። ጋሼ በእጃቸው እየዳበሱ፣ "እዚህ ጋ አንድ ወረቀት ያህል ይቀረዋል" ይላሉ። ስንለካው ይቀረዋል።

እንጨት ግን ይንሳፈፋል። ሰሌዳው 8 ሊትር ያህል ውኃ ያፈናቅላል፣ ክብደቱ ግን 5 ኪሎ ገደማ ነው። 3 ኪሎ ወደ ላይ ይገፋዋል ማለት ነው። ወደ ታችኛው ጫፍ መስኮት ቆርጠን 6 ኪሎ ብረት ቀበርንበት፤ ዙሪያውን በኢፖክሲ ሞላነው። አሁን በዝግታ ይሰምጣል። በአንድ እጅ ይነሳል።

ፔርኖው የሚገባበት ቀዳዳ ሰፊ ተደርጎ ተበሳ፣ በኢፖክሲ ተሞላ፣ ሲደርቅ እንደገና በልኩ ተበሳ። እንዲህ ካልሆነ ውኃ በቀዳዳው ወደ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። የገባ ውኃ ሰሌዳውን ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ሰሌዳ ሳጥኑ ውስጥ ይጣበቃል።

የኢፖክሲውን ሥራ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ አመጣነው። ደሴ ነሐሴ ብርድና ጉም ነው፤ ኢፖክሲው አልደርቅ እያለ ያድራል። ኮምቦልቻ ሞቅ ይላል። እርጥበቱ ግን እዚህም አለ። ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የሚመስል ንብርብር ያወጣል። ቀጣዩ ሽፋን በዚያ ላይ ከተቀባ ይላጣል። በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ አድርጎ መቀጠል ነው።

ወጪው ላይ ላስፍር። ከሁሉ ትልቁን የበላው ኢፖክሲው ነው፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። በእሱ ፋንታ መኪና ቦዲ የሚጠግኑ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ፖሊስተር ሬዚን ውሰድ ብለውኝ ነበር። ዋጋው ይቀንሳል። ግን እንጨት ላይ እንደ ኢፖክሲ አይያዝም። ለሳጥኑና ለሰሌዳው አላመንኩትም። ቀለሙ፣ ገመዱ፣ ብሎኑ ተደምሮ ኢፖክሲውን አያክልም።

መስከረም፣ ሳጥኑ

የሠራናትን ጀልባ ሆዷን በመጋዝ መቅደድ ከባድ ነው። ጋሼ መጋዙን ሳያስነኩኝ ራሳቸው ቀደዱት።

የሳጥኑ ውስጥ ክፍተት 42 ሚሊ ነው። ሰሌዳው ከነፋይበር ግላሱ 38 ሚሊ ሆኗል። ከዚህ ከጠበበ ጠጠር ሲገባ ይነክሳል፤ ከሰፋ ሰሌዳው ይንገጫገጫል። የሳጥኑ የውስጥ ግድግዳ ከመገጣጠሙ በፊት በፋይበር ግላስ ተሸፈነ፤ በኋላ ብሩሽ አይገባበትምና። አናቱ ከውኃው መስመር በላይ እንዲሆን ተደረገ። መቀመጫው በሳጥኑ ላይ ተሻግሮ ከሁለቱም ጎን ጋር ተያያዘ። የጎን ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው ሳጥኑ ላይ ነው፤ ብቻውን ቢቆም ከሥሩ ይነቀላል።

ፔርኖው የት ይሁን የሚለው ብዙ አወያየን። ሰሌዳው ወደ ኋላ ሲነሳ ስፋቱም ወደ ኋላ ይሄዳል። 45 ዲግሪ ሲነሳ መሀሉ 30 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። ያኔ ጀልባዋ አፍንጫዋን ከነፋሱ ማሸሽ ትጀምራለች። ሙሉ ሲወርድ ደግሞ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ማዞር ትወዳለች። ሁለተኛው ደኅና ነው፤ መሪውን ብትለቅ ነፋሱ ላይ ዞራ ትቆማለች። ፔርኖውን ሙሉ ወርዶ ትንሽ ወደ ነፋስ በምትዞርበት ቦታ ላይ አደረግነው።

ሐይቅ ከመውሰዳችን በፊት ግቢ ውስጥ ተፈተነች። ከሥሯ ቀዳዳው በፕላስቲክና በማጣበቂያ ተዘጋ፣ ሳጥኑ በውኃ ተሞላ። ስፌቱ አንድ ጠብታ አላወጣም። በፔርኖው ግን ይንጠባጠብ ነበር። ጎሚስታው ጋ ሄጄ አሮጌ የውስጥ ጎማ አመጣሁ። በሮንዴላው ልክ ተቆርጦ ከሁለቱም ጎን ገባ፣ ዳዶው ጠበቀ። ቆመ።

ከዚያው ጎማ ረዥም ቁራጭ ተርፎ ሰሌዳውን ወደ ታች የሚይዘው ገመድ ጫፍ ላይ ገባ። ታች ሲነካ ይሳባል፣ ሰሌዳው ይነሳል። ካለፈ በኋላ መልሶ ያወርደዋል።

ጥቅምት፣ ውኃ ላይ

ዝናቡ አልቆ ሰማዩ ጠርቷል። ሰሌዳው ተነስቶ ከቄጤማው ውስጥ በመቅዘፊያ ገፍተን ወጣን። ጥልቁ ሲጀምር ገመዱ ተለቀቀ፣ ሰሌዳው ወረደ፣ ሸራው ሞላ። ለውጡ መሪው ላይ ወዲያው ይታወቃል። ትንሸራተት የነበረች ጀልባ ትይዛለች።

ማዕዘኑ 94 ዲግሪ አካባቢ መጣ። ከሙከራው ረዥም ሰሌዳ 4 ዲግሪ ይሻላል። ጥልቀታቸው እኩል ስለሆነ ልዩነቱ የቅርጹና የቦታው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጋሼ በእጃቸው የዳበሱት ነገር ነው።

መገልበጥንም ሆን ብለን ሞከርን። የሁላችንም የሕይወት ጃኬት ታስሯል፣ የአባባ ጀልባ አጠገባችን ቆማለች። ከመቀመጫዎቹ ሥር 20 ሊትር የሚይዙ ስድስት ክዳናቸው የጠበቀ ባዶ ጀሪካኖች ታስረዋል። 120 ሊትር አየር ነው፤ ውኃ ብትሞላም አትሰምጥም። ጠርዟ ላይ ሆነን ገለበጥናት። የሚሽከረከር ሰሌዳ እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ጠባይ አለው። ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ስትገለበጥ ሰሌዳው በራሱ ክብደት ወደ ሳጥኑ ተመልሶ ይወድቃል። ያኔ የምትቆምበት ነገር የለህም። የእኛን የጎማው ገመድ ያዘው። ጓደኛዬ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ቆመ፣ ጠርዙን ይዞ ወደ ኋላ ተዘረጋ፣ ቀስ ብላ ተመለሰች። ይህን ገመድ ሳያስር ማንም እንዲህ ባለ ሰሌዳ ከዳር ባይርቅ ይሻላል።

ገመዱ ላይ ሦስት ቀለም ክር ቋጠርን። ቀዩ ሙሉ የወረደ፣ ወደ ነፋስ ስንወጣ። ቢጫው ግማሽ፣ ነፋሱ ከጎን ሲሆን። አረንጓዴው የተነሳ፣ ነፋሱ ከኋላ ሲሆንና ዳር ስንደርስ። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ወደ ጎን የሚገፋ ነገር ስለሌለ ሰሌዳው የሚጎተት ሸክም ብቻ ነው። ግማሽ ላይ እንደተባለው አፍንጫዋን ታሸሻለች፤ አንዱ ሰው ወደ ፊት ጠጋ ሲል ይስተካከላል።

ስንመለስ አባባ ጀልባዋን በእጃቸው እየዞሩ አዩ። ሳጥኑ ውስጥ አጎነበሱ። "የኔዋ ይሄን አትችልም፤ ሆዷን አላስቀድድም" አሉ።

"መቅደድ የለበትም አባባ። ከጎን የሚንጠለጠል አለን፤ ለሙከራ የሠራነው። አንቱ ሸራ ካደረጉበት እኛ እናስርልዎታለን።"

"እንግዲያስ አምጡት።"

የጀልባቸውን ጎን ለካሁ። ጠርዙ 28 ሚሊ ነው፣ ብሎኑን ይችላል፤ ከውስጥ በኩል ግን የዋንዛ ማጠናከሪያ ይፈልጋል። ረዥሙ ሰሌዳ ደሴ፣ ጋሼ ጋ ነው ያለው። የጫፉን መሰንጠቅ ጠግነው፣ አንድ እጅ ኢፖክሲ ቀብተው በሚመጣው አይሱዙ ይልኩታል።